ሁለት ሳሙና በአንድ ቧንቧ

— ሄሎ! አዎ፣ የቧንቧ ዕቃ መሸጫው ነው... አቤት?... ውይ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ? የሳሙና ፋብሪካዋ ኢንጂነር! ምነው ጠፉ? እኔማ ተቀየሙኝ ብዬ ነበር... ፈቃድ ላይ? እንኳን ደህና መጡ! እንዴት ሰነበቱ?... እኛ ደህና ነን፣ እህቴም ደህና ናት፤ ይቺው እዚህ ብሎን እየለየች። — እትዬ፣ ሰላም ብለውሻል! — እሷም ሰላም ብላለች። እየሳቀች ነው። ምን እንደሚያስቃት እኔ እንጃ።

— እሺ፣ ይንገሩኝ፣ ምን ሆነ?... እርስዎ በሌሉበት ባለ ሦስት አፉን ቫልቭ ማን ገዛው?... የግዢ ክፍሉ? ከሌላ ሱቅ?... ኧረ ምን በወጣዎት! እኔ ጋ አልቆ ነበር እኮ ያን ሰሞን። እና ገጠሙት... እ?... የጸጉር ሳሙናውና የሳህን ሳሙናው ተቀላቀለ?!

— ሃ ሃ ሃ! ይቅርታ ኢንጂነር፣ አምልጦኝ ነው... እርስዎም እየሳቁ ነው እንዴ?... በውሃ እናጥበዋለን ብለው ጭራሽ አረፋው... እስከ ጉልበት?... በመስኮት?! — እትዬ፣ ስሚ! አረፋው በመስኮት ወጥቶ ግቢውን ሞላው አሉ። ዘበኛው በሩ ጠፍቶት ግድግዳ ለግድግዳ እየዳበሰ ነው የወጣው!

— እሺ... እሺ፣ እየሰማሁ ነው። የሚያስቀው እስከዚያ ነው ማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ ምን አሉ?... አንድ ጊዜ ደግሞ ከተቀላቀለ የጸጉር ሳሙናው ክፍል ዝግ? ለአንዴና ለመጨረሻ?... እና እዚያ የሚሠሩት ሴቶችስ?... ሁሉም ይሰናበታሉ?... አይ፣ እንዲህማ አይሆንም። በዚህ ጊዜ አንሳሳትም። ይመኑኝ።

— አንዴ ይጠብቁኝ፣ ደንበኛ መጥቷል። — ወንድሜ፣ ያ የያዝከው መገጣጠሚያ ላንተ ቧንቧ ይጠባል። እትዬ፣ እሱን አስተናግጂልኝ! — ሄሎ፣ ይሰሙኛል? ገጥመውት የነበረውን ቫልቭ ፈትተው አዩት?... ውስጡ ያለው ኳስ ስንት ቀዳዳ አለው?... ሦስት። ይኸውልዎ! እሱ የእንግሊዝኛው ፊደል የቲ ቅርጽ ነው። ቲ ማለት፣ በአንድ በኩል ሲያዞሩት ሦስቱንም አፍ አንድ ላይ ይከፍታቸዋል። ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ለመቀላቀል ቢሆን አንደኛ ነው። ለእርስዎ ግን... አዎ፣ ጉድ ነው የሚያፈላው። አፍልቷልም።

— አይ፣ ዕቃውስ ደህና ነው። ያለቦታው ገብቶ ነው። ለእርስዎ የሚሆነው የኤል ቅርጽ ነው። የእሱ መንገድ እንደ ክንድ የታጠፈ ነው፤ ሁለት አፍ ብቻ ነው የሚያገናኘው። መካከለኛውን አፍ ወደ ጠርሙስ መሙያው ማሽን ያደርጉታል፣ ግራና ቀኙን ወደ ሁለቱ ታንከሮች። ከዚያ ወይ ጸጉር ነው፣ ወይ ሳህን። ሁለቱ በአንዴ አይሆኑም... ሁሉንም መዝጋት ሲፈልጉ? አዬ ጥያቄ! ሩብ ዙር ብቻ የሚዞረው እሱን አያደርግልዎትም፣ አንዱን ሲዘጋ ሌላውን ይከፍታል። ዙሪያውን የሚዞረውን ነው የምሰጥዎ። እሱ ሁሉንም የሚዘጋበት ቦታ አለው። ግን አደራ፣ እጀታውን ከማዞራችሁ በፊት ፓምፑ ይጥፋ!

— ሳሙናው ወፍራም ነው አይደል?... እንደ ማር። እንግዲያው የኳሱ ቀዳዳ የቧንቧውን ያህል ሰፊ ይሁን፣ ጠበብ ያለ ከሆነ ፓምፑ ያለከልካል። ብረቱ የማይዝገው ስቴንለስ ይሁን። መስመሩን በምን ነው የምታጥቡት?... በፈላ ውሃ? እንግዲያው የውስጥ ማሸጊያው ቴፍሎን ነው። ጎማ ከሆነ ቶሎ ይበላል... ምን አሉኝ?

— እርስዎ አትበለኝ? ኧረ እንዴት ተደርጎ! ማክበሬ ነው እንጂ... አዎ፣ ስንት ጊዜ ተነጋግረናል፣ ግን ተያይተን እንኳ... — እትዬ፣ ዝም በይ እባክሽ! — እህቴ ናት፣ አይስሟት... ሰሟት? "አንቺ በላት" ያለችውን? አዬ ጉዴ!

— እሺ... እሺ። አን... አንቺ። ይኸው፣ አልኩት!... አትሳቂብኝ እንጂ፣ ላብ አጠመቀኝ እኮ!

— እንግዲህ ቫልቩን ዛሬ ለሹፌራችሁ እሰጠዋለሁ... ለምን አይመጣም?... እኔ ራሴ ላምጣው? መግጠሙንማ የእናንተ ሰዎች ያውቁበታል፣ እኔ ምን... ታውቂያለሽ፣ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከሱቅ ቤት፣ ከቤት ሱቅ ነው። ሰው መሀል መግባቱም...

— አለሁ። አለሁ... የለም፣ መስመሩ አልተቋረጠም። የተቋረጥኩት እኔ ነኝ። እስቲ ድገሚልኝ?... "ቫልቭ የሚያመጣማ ሞልቷል፣ ያንተን ድምፅ የሚያመጣልኝ ነው ያጣሁት።" እንዲህ ነው ያልሽው?

— እኔም እውነቱን ልንገርሽ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር አንቺ በሆንሽ እላለሁ። ስትጠይቂኝም በአንድ ቃል የሚያልቀውን ሆን ብዬ ነው የማንዛዛው፣ ቶሎ እንዳትዘጊው... አንቺም?... መልሱን እያወቅሽ?! ቆይ ቆይ፣ ዛሬስ? ኤል መሆኑን ታውቂ ነበር?... ከፈቃድ እንደተመለስሽ ፈትተሽ አይተሽው?! እና ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ዝም ብለሽ ታዳምጪኛለሽ! ሃ ሃ! ኧረ አንቺስ የዋዛ አይደለሽም!

— እመጣለሁ... ነገ ጠዋት። አዎ፣ በቃ፣ እመጣለሁ። — እትዬ፣ ነገ ሱቁን ትይዢልኛለሽ?... — ዓመት ሙሉ እይዘዋለሁ ትላለች! እልል እያለች ነው፣ ትሰሚያታለሽ? ሰው ሁሉ እያየን ነው... በምን እንደምትለዪኝ? ጠየም ያልኩ፣ ረዘም ያልኩ፣ ጸጉሬ... ጸጉሬን ተይው። አንቺን ግን ማንም እንዲያሳየኝ አልፈልግም። አንዴ ከተናገርሽ ይበቃኛል።

— እና ቫልቩን፣ ለመጠባበቂያ እንዲሆናችሁ ሁለት ይዤ ልምጣ?... አንድ ብቻ? ሁለቱም እኮ አሉኝ... ሌላኛውን በሚቀጥለው ሳምንት? ለምን? መንገዱ እንደሆነ ሩቅ ነው፣ ከመጣሁ አይቀር በአንዴ ባመጣው አይሻል...

— አሃ!

— ገባኝ። ገባኝ፣ አትሳቂ... እሺ፣ አንድ ብቻ። ሌላኛው ለሳምንት... ደህና ዋይልኝ። እሺ... አንቺም። ቻው።

— እትዬ፣ ያንን የሁለተኛውን ቫልቭ ካርቶን መደርደሪያው ላይ መልሺልኝ። አይሸጥም!