ሞተር ያልደረሰበት ረድፍ

ባየ ሰውን የሚያምነው በግማሽ ነው፤ ግማሹን ለክፉ ቀን ያስቀራል። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ግን ያችንም ግማሽ ከጎረቤቱ ከጴጥሮስ ላይ አንስቶ ነበር። ከቴፒ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ማሳው የተከላቸው የቡና ችግኞች ከሥራቸው እየተላጡ፣ ቅጠላቸው እየጠወለገ ሄዷል። ባየም ጴጥሮስ በአጥር እየገባ በቢላ እንደሚልጥበት አልተጠራጠረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በደቦ ተጋግዘው የኖሩት ሁለቱ ሰዎች ሰላምታ ካቋረጡ ሰንብተዋል።

ያን ዕለት ጎረቤቱን በሽማግሌ ፊት ለመክሰስ ሲሄድ መንገድ ላይ ዶፍ ወረደበትና አንድ ዋንዛ ሥር ተጠለለ። እዚያው የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ህሊና ቆማለች። የጓደኛው የየዓለምዘርፍ ልጅ ናት፤ ተምራ የተመለሰችው በቅርቡ ነው። ወዴት እንደሚሄድ ስትጠይቀው «ወደ ገበያ» አላት። የገበያ ቀን አለመሆኑን በትሕትና ስታስታውሰው ጊዜ ሆዱ አልቻለምና ሁሉንም ዘረገፈላት።

«ጋሽ ባየ፣ ዘንድሮ ሣሩን በምን አሳጨዱት?» አለችው።

ባየ ደረቱን ነፋ። በጀርባው የሣር ማጨጃ ሞተር ያዘለ ጎረምሳ ከከተማ አስመጥቶ፣ ደቦ ስንት ቀን የሚፈጀውን ሥራ በአንድ ጠዋት እንዳስጨረሰ ነገራት። ወዲያው ግን ነገሩ ከነከነው። እሱ ስለ ሌባ ሲያወራ እሷ ስለ ሣር የምትጠይቀው ለምንድን ነው? ባለፈው በዓል ጴጥሮስ ቤት ስትገባ አይቷታል። ጥርጣሬ አንዴ ቤት ከሠራ እንግዳውን ሁሉ የጠላት ወገን ያደርጋል፤ ባየም ችግኞቹን ልይልዎ ስትለው እሺ ያላት ሊያጋልጣት አስቦ ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ማሳው ደረሱ። ህሊና ተንበርክካ አንዱን ግንድ በጣቷ ዳሰሰች።

«በቢላ ቢሆን ጠርዙ ልሙጥ ይሆን ነበር። ይህ ግን ተፈግፍጓል። በሞተሩ ጫፍ ያለው የፕላስቲክ ገመድ ሲሽከረከር ሣሩንና ችግኙን አይለይም፤ ቅርፊቱን ዙሪያውን ልጦታል።»

«የተማርሽ ነሽ ብዬ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ሞተር ሲሄድ እኔን ወደ ማጭድ ልትመልሺኝ ነው? ወይስ ሥልጣኔ ለእኔ ሲሆን ነው የማያምረው?»

«ሞተሩ ለኳስ ሜዳ ይሁን፤ እዚያ የሚጎዳው ነገር የለም። ሥልጣኔ ለሥራው የሚስማማውን መሣሪያ ማወቅ ይመስለኛል።»

«ጴጥሮስ ነው የላከሽ?»

ህሊና ፊቷ ተለወጠ። ልትሄድ ቦርሳዋን አነሣች፤ ግን የምትሄደው የእናቷን ጓደኛ ለጸጸት ጥላ መሆኑን አሰበችና ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠችው።

«እሺ፣ ጴጥሮስ የሚገባው በየት በኩል ነው ይላሉ?»

«በአጥሩ ነዋ!»

«እንግዲያው ከአጥሩ ሥር እንጀምር።»

በአጥሩ ሥር ያለውን ረድፍ ጎረምሳው አልነካውም ነበር፤ ገመዱ በአጥሩ እንጨት ይጠመጠምብኛል ብሎ ትቶታል። ያንን ያጨደው ራሱ ባየ ነው፣ በአሮጌ ማጭዱ። አሁን በጉልበቱ እየዳኸ ችግኞቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። የተላጠ አጣ። ጠላት ቢሆን ኖሮ እጁ ሥር ያለውን ትቶ መሐል ድረስ ምን ያደክመዋል?

«በማጭድ ሲያጭዱ ግራ እጅዎ ሣሩን አስቀድሞ ይጨብጣል» አለች ህሊና ቀስ ብላ። «ችግኝ ካለበት ስለቱ ሳይደርስ ጣትዎ ያገኘዋል።»

ባየ ግራ እጁን አየ። አፈረ። ጥፋተኛው ጴጥሮስ ቢሆን ይቀለው ነበር፤ ሞተሩን ጠርቶ ያስገባው እሱ ራሱ ነውና። የቀረውንም ያለ ክርክር ሰማት፤ ቡናን የሚያደርቀው በሽታ በቁስል እንደሚገባ፣ የደረቁት ተነቅለው መቃጠል እንዳለባቸው፣ ከታመመ ግንድ ወደ ጤነኛው ሲያልፉ ስለቱን በእሳት መለብለብ እንደሚያስፈልግ ነገረችው። በማጭድ የታጨደ ሣርም ሳይበጣጠስ ይነሣል፤ ከፊሉ መሬቱን እንዳይደርቅ ይሸፍናል፣ ከፊሉ ለከብት ይሆናል። ላሙ ሞተሩ የከተፈውን፣ ቤንዚን የሸተተውን ሣር አሽትታ ፊቷን ማዞሯ ያኔ ትዝ አለው።

ወደ ሽማግሌዎቹ አልሄደም። ጴጥሮስን ደጁ ላይ ማጭድ ሲስል አገኘው።

«ነገ ደቦ ልጠራ ነው» አለ ባየ። «መጀመሪያ የመጣሁት አንተ ጋ ነው።»

ጴጥሮስ ቀና አላለም። «ሰላምታ የከለከልኸኝ ለምን ነበር?»

ባየ አሞኝ ነበር ሊል ከጀለ። አላለም። «ችግኜን ትልጣለህ ብዬ ጠርጥሬህ። የላጥሁት እኔ ነኝ።»

ጴጥሮስ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረ።

«የትኛው ረድፍ ላይ ልቁም?» አለ በመጨረሻ።

«መሐል፣ ከተረፉት ችግኞች ጋር።»

በማግሥቱ ማሳው በሰው ድምፅ ሞላ፤ ሣሩ በእጅ እየተጨበጠ በማጭድ ወደቀ፣ የተረፉት ችግኞች ከሥሩ ብቅ ብቅ አሉ። ጴጥሮስ ማጭዱን ይዞ ከባየ ኋላ ቆመ። ባየ ጎንበስ ብሎ ማጨዱን ቀጠለ፤ አንድም ጊዜ በጥርጣሬ ዞሮ አላየም።