በኬር ጌጅ የገበያ መንገድ አጥር መቆረጥ ላይ የወይዘሮ ንጎኔ ንዲያዬ ቃል

ስም፦ ወ/ሮ ንጎኔ ንዲያዬ
ዕድሜ፦ 64
ሥራ፦ የክርና የልብስ ቁልፍ ነጋዴ
አድራሻ፦ ዳካር ዳርቻ፣ ኬር ጌጅ፣ የድሮው ገበያ መንገድ
ቀን፦ ማርች 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.፣ ረፋድ ላይ
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ኢንስፔክተር ሳሊዉ ካማራ

ወደ ጣቢያው የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ነው። ስለ መንገድ ሥራው አጥር መቆረጥ አቶ ማሳምባ ዲዮፕ የሰጡት ቃል እውነት አይደለም። አጥሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ሱቁን የምከፍተው ብቻዬን ነው። ልጆቼ ጣሊያን ናቸው። አቶ ማሳምባ ከመንገዱ ማዶ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ሰዓትና ሬዲዮ ይጠግናሉ። እሳቸው ዲዮፕ እኔ ንዲያዬ በመሆናችን፣ እንደ ሁለቱ ዘሮች የቆየ የቀልድ ወግ፣ በየቀኑ ከየደጃፋችን ሆነን ሆዳም፣ ሩዝ በላ እየተባባልን ያለ ቂም እንሰዳደባለን። ቤቴ ስገባ የሚያነጋግረኝ ሰው ስለሌለ፣ የቀኑ ወሬዬ ይኸው ስድብ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ባለፈው የዝናብ ወቅት ማብቂያ ላይ፣ መንገዱን አድሰን ገበያውን እናነቃቃለን ተብሎ አስፋልቱ ተነሳ። በግራም በቀኝም በሱቆቹ ፊት ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የቆርቆሮ አጥር ቆመ። ሥራው ጥቂት ሄዶ ተቋረጠ፤ አጥሩ ግን ቀረ። ለእኛ የተተወልን በሱቆቹና በአጥሩ መካከል አንድ ሰው የሚያሳልፍ መተላለፊያ ነው። የፈረስ ጋሪዎቹ መምጣት አቆሙ። ጨርቅ ሻጩ ዘጋ፣ ዳቦ ቤቱም ዘጋ። የቀረነው እኔና አቶ ማሳምባ ነን። መተያየት ስላልቻልን ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ እንጮሃለን። "ንዲያዬ! ዛሬም አልሞትሽም?" ይሉኛል። "አንተን ሆዳም ሳልቀብር የት እሄዳለሁ!" እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ የምሰማው የባሕሩን ድምፅ ነው።

በጃንዋሪ ወር የመንገድ ሥራው ኃላፊዎች ሥራው የደረሰበትን ሊያስረዱን ሰበሰቡን። አንዲት ወጣት መሐንዲስ ሥዕል ዘርግታ "እናቴ፣ ስልሳ በመቶ ደርሰናል" አለችኝ። "ልጄ፣ ስልሳውን ከየት ቆሜ ልየው?" አልኳት። አቶ ማሳምባ በሥዕሉ ላይ በደጃፋቸው የተተከለችውን ዘንባባ እያሳዩ፣ "ይህቺ ዛፍ ናት ወይስ ንዲያዬ? ቁመናቸው አንድ ነው" ሲሉ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ስንመለስ አጥሩ እስከሚያልቅበት የባሕሩ ግንብ ድረስ አብረን ሄደን፣ እዚያ ስንደርስ እሳቸው በወዲያ እኔ በወዲህ ተለያየን።

ፌብሩዋሪ 26 ቀን ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ስጣራ አቶ ማሳምባ አልመለሱልኝም። "ዲዮፕ! ሩዝ አንቆህ ነው?" ብዬ ደግሜ ጮህኩ። በባሕሩ በኩል ዞሬ ለመሄድ ጉልበቴ አይችልም። የአጥሩን ጠባቂ ባይላን ጠርቼ በሩን እንዲከፍትልኝ ለመንኩት። "እማማ ንጎኔ፣ ቁልፉ አለቃው ጋ ነው። ደግሞ የሚያልፈው ሠራተኛ ብቻ ነው" አለኝ። "ሰውዬው ሞቶ ቢሆንስ?" አልኩት።

ቆርቆሮው ከቋሚው ጋር የታሰረው በሽቦ ነው። ትልቁን የጨርቅ መቀስ ከሱቅ አምጥቼ ሽቦውን ቆረጥኩ። ባይላ ጮኸብኝ፤ እጄን ግን አልያዘም። በተቆፈረው መንገድ ላይ በተጋደመች ሳንቃ ተሻግሬ የወዲያውንም አጥር ቆረጥኩ። አቶ ማሳምባ ከመሰላል ወድቀው፣ ጭናቸው ተሰብሮ ወለሉ ላይ አገኘኋቸው። ከቀደመው ቀን ማታ ጀምሮ ሲጣሩ ነበር፤ ማዕበሉ ስለበረታ የሰማቸው የለም። ሲያዩኝ "አይ ንዲያዬ፣ ከሩዝሽ ተነሳሽ?" አሉኝና አለቀሱ። ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። በመንገድ ሠራተኞቹ የእጅ ጋሪ ላይ ጭነን ያወጣናቸው እኔና ባይላ ነን። ባይላ ለፖሊስ ምንም አላየሁም ያለው እንጀራው እንዳይቀርበት ነውና እንዲታለፍ እጠይቃለሁ።

በማግስቱ ፖሊስ ሆስፒታል ሄዶ ሲጠይቃቸው፣ አቶ ማሳምባ ከመውደቃቸው በፊት አጥሩን ራሳቸው እንደቆረጡ ተናግረው ፈረሙ። ከዚያም የእህታቸው ልጅ ቲየስ ከተማ ወደሚገኘው ቤቱ ወሰዳቸው። በንብረት ጉዳት ጥፋተኛ የተባለ ሰው መንገዱ ሲያልቅ በሚከፈተው አዲሱ ገበያ ሱቅ እንደማይሰጠው፣ የያዘውም እንደሚወሰድበት የሰማሁት ትናንት ነው። ወዲያው ስልክ ደወልኩላቸው። "ለምን ዋሸህ?" አልኳቸው። "እኔ ለማንኛውም ሄጃለሁ። አንቺ ሱቅሽን ያዢ" አሉኝ። "ይዤው ማንን ልሰድብበት?" አልኳቸው። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ፤ ይዝጉት ይቋረጥ አላውቅም።

ሱቄን ልታጪ እንደምትችይ ታውቂያለሽ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አውቃለሁ ብያለሁ። የእኔ ቢወሰድ በርጩማዬን ይዤ አቶ ማሳምባ ደጃፍ ላይ መቀመጥ እችላለሁ። የእሳቸው ከተወሰደ ግን ከቲየስ የሚመልሳቸው ነገር የለም።

ከላይ የተጻፈው በወሎፍ ቋንቋ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። የተናገርኩት ያየሁትንና ራሴ ያደረግሁትን ነው፤ ማንም አላስገደደኝም። የእኔ ቃል ስለመሆኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ንጎኔ ንዲያዬ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ረ/ኢንስፔክተር ሳሊዉ ካማራ