የባባኑ ፀጉር አስተካካይና የአርደላኑ ልብስ ሰፊ

የሱለይማኒያ ሰዎች! እናንተም ተራራውን አቋርጣችሁ፣ ኬላ ላይ ስትጉላሉ አድራችሁ የደረሳችሁ የሲኔ እንግዶች! ሼኽ አባታችን፣ የሰፈራችን ሽማግሌዎች፣ የፈታሕ ልጆች፣ እዚያ ዳር የቆማችሁ የገበያ ጎረቤቶቼ! እስቲ ጠጋ በሉ። ድምፄ ሩቅ አይሄድም፤ ደረቴን ታውቁታላችሁ።

ዱዓው ተደርጓል። አፈሩ ተመልሷል። "ሐሲብ፣ አንድ ነገር በል" አላችሁኝ። ለምን እኔን? ወዳጁ ስለሆንኩ ነው፣ ወይስ አፍ ያለው ሰው ስለጠፋ? አፍ ያለውማ ይኸው እዚህ ተኝቷል።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ እኔ በዚህ ሰውዬ ስቀና ነው የኖርኩት። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በቀብር ላይ አይናገርም፤ አውቃለሁ። ግን ከፊታችሁ ቆሜ "እንደ ወንድሜ ነበር፣ አንድ ቀን ቅር ተሰኝተን አናውቅም" ብል ግማሻችሁ ትስቃላችሁ። ቀናሁበት። ዛሬም እየቀናሁበት ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ ሳይ ቀናሁ። ለአንድ ፀጉር አስተካካይ ገበያ ሲዘጋ ማን አይቶ ያውቃል? እኔ ስሞት ይዘጋል? የማም ረሱል ሻይ ቤት እንኳ አይዘጋም።

የፈታሕና የእኔ ሱቅ ግድግዳ ለግድግዳ ነበር። እሱ ፀጉር ያስተካክላል፣ እኔ ሱሪ እሰፋለሁ። ምላጩን ጉሮሮህ ላይ አድርጎ የባባን መሳፍንትን ታሪክ ያወራልሃል። ምላጭ ከያዘ ሰው ጋር ማን ይከራከራል? ሰዉ አዎ፣ አዎ እያለ ወጥቶ ይሄዳል፤ በሳምንቱ ጢሙ ሳያድግ ተመልሶ ይመጣል፣ ቀሪውን ለመስማት። እኔ የያዝኩት መርፌ ነው። መርፌ ማንን ያስፈራል?

የአርቡን ጨዋታችንን የማታውቁ ወጣቶች ትኖሩ ይሆናል። አርብ አርብ ከስግደት በኋላ ማም ረሱል ሻይ ቤት እንገባለን። ምንጣፍ የለበሱ ሁለት መደቦች ፊት ለፊት አሉ። ጫማችንን ከታች አውልቀን እሱ አንዱ ላይ ይወጣል፣ እኔ ሌላው ላይ። እሱ ይህችን ከተማ ለቆረቆሩት ለባባኖች ይናገራል። እኔ ከተራራው ማዶ ሲኔ ላይ ተቀምጠው ይገዙ ለነበሩት ለአርደላኖች እናገራለሁ። የድሮውን ጦርነት እንደገና እንዋጋለን ማለት ነው፣ በአፍ። ዳኛው ጭብጨባው ነው። የተሸነፈው ወርዶ የአሸናፊውን ጫማ ያነሣና አፍንጫውን ወደ በሩ ያዞራል፤ ቤት የመጣ የክብር እንግዳ ሲሸኝ እንደሚደረገው።

ፍርዱ ግን ፍርድ ነበር? አጨብጫቢው የሱለይማኒያ ሰው። ሻይ ቀጂው የሱለይማኒያ ሰው። ግድግዳው ራሱ የሱለይማኒያ ጭቃ! እኔ ደግሞ አያቴ በበቅሎ ጨርቅ ጭኖ ከሲኔ ስለመጣ ብቻ አርደላን ሆኜ ቀረሁ። እዚሁ ተወለድኩ፣ እዚሁ ሸበትኩ፣ እስከ ዛሬ "ሲኔው" ነው የምትሉኝ። ፈታሕ አፉን ሳይከፍት ግማሹን አሸንፎ ነበር የሚቀመጠው።

ሲከፍትማ! ባባኖች ከአርደላኖች ጋር በተዋጉበት፣ መሪዋን በሚባለው ሜዳ ፈረስ ሲያስጋልቡ መደቡን በሁለት እጁ እየደበደበ ኮቴውን ያሰማሃል። ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል። ማም ረሱል ሻይ መቅዳቱን ትቶ አፉን ከፍቶ ይቆማል። ጫማውን ማን አዞረ? ሐሲብ።

የእኔ ታሪክ ፈረሰኛ የለውም። የእኔ ታሪክ አንዲት የአርደላን እናት ናት። ሲኔ ላይ ከቤቷ ዝርግ ጣሪያ ላይ ወጥታ፣ ወደ መሪዋን ሜዳ የዘመተ ልጇን ትጠብቃለች። መንገዱ ላይ አቧራ ይነሣል። ፈረሱ ይመጣል፣ እሷም ታውቀዋለች። ኮርቻው ባዶ ነው። እኔም ይቺን ቃል ከመናገሬ በፊት ሁልጊዜ ሳል ይይዘኛል። የጨርቅ ብናኝ የበላው ደረት ነው፤ ምን ላድርገው? ሰው ሁሉ እየጠበቀ እኔ እስላለሁ። ይሄኔ ፈታሕ ከማዶ ሆኖ፣ "ተዉት እባካችሁ፤ አርደላንን የጨረሰው ባባን አይደለም፣ ሳል ነው" ይላል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እናትየዋ ጣሪያ ላይ እንደቆመች ትቀራለች። ጫማውን ማን አዞረ?

የእህቴን ልጅ ሰርግ ታስታውሳላችሁ? አብዛኞቻችሁ በልታችኋል። ልጅቱን ለሲኔ ልጅ ነበር የዳርናት። ሙሽራው ከነአጃቢው ድንበር ተሻግሮ መጣ፤ ትልልቅ ሰዎች፣ ኩሩ ሰዎች። ፈታሕ ተነሥቶ እንዲያጫውት ተጠየቀ። ያ ሰው ማን ፊት እንደቆመ ረሳው! በለመደው አፉ ጀመረላችሁ፤ ባባኖች ተራራውን ወርደው፣ የሲኔን በር ሰብረው፣ ሲኔ ገቡ። ማን ፊት? ሲኔዎች ፊት! የሙሽራው አጎት ብርጭቆውን አስቀመጠ። ወደ ጫማው ማየት ጀመረ። እህቴ ፊቷ አመድ መሰለ።

እኔስ? እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። የእህቴ ልጅ ትዳር ሊፈርስ ነው፣ እኔ በሆዴ "ወደቀ፣ በመጨረሻ ወደቀ" እላለሁ። ቅናት እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ዘመድ አያውቅም።

እሱ ግን አጎትየውን አየ። ከዚያ እንዲህ አለ። "ባባኖች ሲኔ ገቡ። ለምን ገቡ? ልጅ ሊጠይቁ ነዋ! በሩን የሰበሩትስ? ቢያንኳኩ ቢያንኳኩ የሲኔ ሰው ሙሽራ እያስጌጠ አልሰማ ብሏቸው ነው። ያኔ የሲኔን ልጅ ወሰድን። ብድራችን ይኸው ዛሬ ተከፈለ፤ ልጃችንን እንካችሁ።" አጎትየው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ተነሥቶ አገላብጦ ሳመው። በጉን ያረድኩት እኔ። የሙሽራዋን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ። ሰርጉ እስከ ዛሬ ሲወራ "የፈታሕ ሰርግ" ነው የሚባለው!

አንድ ነገር ግን አልነፍገውም። ታሪኩ መጨረሻው ላይ ሲደርስ አይቀልድም ነበር። ሁለቱ ቤቶች ጎረቤት ናቸው፤ ይጋባሉ፣ ይዋጋሉ፣ ታርቀው ደግሞ ይጋባሉ። አንዱ ሲከፋው ወደ ባግዳድ ይሮጣል፣ ሌላው ሲከፋው ወደ ቴህራን። ውሎ አድሮ ባግዳድን የያዘው የቱርኩ ሱልጣን ሹም የባባንን ወንበር ወሰደው። ብዙም ሳይቆይ የቴህራኑ ሻህ ሹም የአርደላንን ወሰደ። ፈታሕ እዚህ ሲደርስ መደቡን አይደበድብም። "እኔ እበልጥ፣ እኔ እበልጥ ሲባባሉ ከሁለቱም የሚበልጥ መጣና በላቸው" ይላል። ከዚያ ወደ እኔ ይዞራል። "አንተና እኔ ግን እንቀጥላለን፣ ሲኔው።"

እንቀጥላለን ብሎ ነበር። ይኸው።

ከታመመ በኋላ ቤቱ ሄድኩ። አርብ ነበር። ትራሱ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። በእጁ "ጀምር" አለኝ። ጀመርኩ፤ እናትየዋን ጣሪያ ላይ አወጣኋት። አቧራውን አስነሣሁ። ሳልኩ። አልሳቀብኝም። ስጨርስ ዓይኑን ጨፍኗል። የባባንን መልስ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ተኝቷል ብዬ ወጣሁ፤ ባለቤቱ ገላዌዥ በጎን ባለው ክፍል ሻይ አስቀመጠችልኝ። ጠጥቼ ወደ በሩ ስሄድ ጫማዬ ዞሯል። አፍንጫው ወደ ውጭ።

"ገላዌዥ፣ ምነው ተቸገርሽ?" አልኳት።

"እኔ አልነካሁትም፣ ወንድሜ ሐሲብ። እሱ ግድግዳ ይዞ ሲመለስ ነው ያየሁት" አለችኝ።

ደስ አለኝ ይመስላችኋል? ደሜ ፈላ። ዕድሜ ልኬን የተመኘሁትን አሁን፣ ሊሞት ሲል፣ ለምስኪን እንደሚወረወር ሳንቲም ሰጠኝ አልኩ። አዘነልኝ አልኩ። ጫማዬን በእግሬ መልሼ ወደ ቤቱ አዞርኩት። ከዚያ እንደ ተሸናፊ ራሴ አዙሬ ተጫምቼው ሄድኩ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየሁትም።

ዛሬ ጠዋት ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ከሲኔ የመጡት ሰዎች ገቡ። ለፈታሕ ከሲኔ ሰው ይመጣል? ለባባኑ? ከእህቴ ልጅ አማቶች በቀር እኔን የሚያውቀኝ አንድ የሲኔ ሰው የለም፣ ለእሱ ግን መኪና ሙሉ መጣለት። በሬሳም ቀናሁ እላችኋለሁ። ሽማግሌያቸው ማም ሰይፉላ አጠገቤ ተቀመጡ። ይኸው ከፊቴ ቆመዋል፤ ልጨምር ብል ያርሙኛል። አዘንን፣ ተዛዘንን። በመሃል ሳል ያዘኝ። ሰውየው ቀና ብለው አዩኝ። አብረዋቸው የመጡትም ሁሉ ዞሩ።

"አንተ ነህ እንዴ ሳሉ?" አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። አስረዱኝ። የፈታሕ እህት ሲኔ ነው ያገባችው። ለዘመን መለወጫችን ለኔውሮዝ እሷን ሊጠይቅ ይሄዳል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የማናውቀው፣ እዚያ ሄዶ ምን ያወራ እንደነበር ነው። ባባንን አላወራም። የአርደላንን እናት ነው የሚያወራው! የእኔን እናት! ጣሪያዋን፣ አቧራውን፣ ፈረሱን፣ አንድ ቃል ሳያጎድል። ፈረሱ ሲደርስ ያቆማል። ይስላል። ከዚያ "ኮርቻው ባዶ ነው" ይላል። ሲኔዎቹም ሳሉ የታሪኩ አካል መስሏቸው ተማሩት። ዛሬ እዚያ አንድ አባት ለልጆቹ ሲያወራ እዚያች ቦታ ላይ ይስላል፤ ልጆቹም አብረው ይስላሉ።

አያችሁት ይህን ሌባ? ሱለይማኒያ አልበቃ ብሎት ሲኔንም ወሰደብኝ! አያቴ የተወለደበትን ከተማ! የመጀመሪያው ሐሳቤ ይህ ነበር። እንደገና ቀናሁ።

"ደህና አድርጎ ያወራው ነበር?" ብዬ ጠየቅኋቸው። እንዲያው መቼም ልቤ አላስችል አለኝ።

ማም ሰይፉላም እንዲህ አሉኝ። "አስለቅሶናል። እሱ ግን ሁልጊዜ ሲጨርስ፣ 'ይሄ የአንድ ልብስ ሰፊ ታሪክ ነው፤ እኔ ስለው አያምርም። የእኔ ባባኖች ፈረስ ብቻ ናቸው፣ እንዲህ ያለ እናት የላቸውም' ይል ነበር። ይቀናብህ ነበር፣ ልጄ።"

ይቀናብኝ ነበር! ፈታሕ! በእኔ! ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አንተ ሰውዬ? እኔ በአንተ ስቃጠል፣ አንተ ከማዶ በእኔ ስትቃጠል፣ መሃላችን አንድ የሻይ ረከቦት ነበር። ቀና ብለህ "ዛሬስ አሸነፍከኝ" ብትለኝ ምን ነበረበት? ብለኸኝ ነበር ለካ። ግድግዳ ይዘህ ተነሥተህ፣ አጎንብሰህ፣ በጫማዬ ነግረኸኝ ነበር።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ባለቤቱ ፊት ልጨርሰው። ሱለይማኒያዎች፣ ዛሬ ማንም እንዳይስቅ። እናትየዋ ጣሪያዋ ላይ ቆማለች። መንገዱን ታያለች። አቧራ ተነሣ። ፈረሱ መጣ፤ አወቀችው...

ሰማህ ፈታሕ? እኔ አይደለሁም። ለአንድ ጊዜ እንኳ ደረቴ ዝም ብሏል። የሳሉት የሲኔ ሰዎች ናቸው። ማም ሰይፉላም ሳሉ። አንተ ያስተማርካቸው ልክ በቦታው ሳሉልህ።

ኮርቻው ባዶ ነው።

የፊታችን አርብ ማም ረሱል ቤት እገባለሁ። በአንተ መደብ ላይ እወጣለሁ፣ ባባኖችህንም አወራለሁ፤ ኮቴውን እንዳንተ ማሰማት ባልችልም። የእኔ መደብ ባዶውን ይቆይ። ዳኞቹ ያሻቸውን ይፍረዱ።

አሁን ሂድ፣ ወንድሜ። አላህ ይማርህ። ዛሬ ጠዋት ሬሳህን ተሸክመን ስንወጣ ጫማህን ደጃፉ ላይ አየሁት። ለመጨረሻ ጊዜ ገብተህ እንዳወለቅኸው፣ አፍንጫው ወደ ቤት ነው። ቃሬዛውን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ጎንበስ አልኩ። ወደ በሩ አዙሬልሃለሁ።