የያፌት ስግደት

የስቅለት ዕለት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ግንብ ሥር፤ እትዬ ዘነቡ ከጧት ጀምረው ሲሰግዱ ጭናቸው ተሳስሮ መነሣት ቢያቅታቸው፣ ሆስፒታል በፊዚዮቴራፒ ሙያ የምትሠራው ጎረቤታቸው ማኅደር ደግፋ አምጥታቸዋለች።

ዘነቡ፦ ልቀቂኝ አልኩሽ እኮ። ሕዝቡ እየሰገደ እኔ እዚህ ግንብ ተደግፌ ልቁም?

ማኅደር፦ በየትኛው እግርዎ ሊሰግዱ ነው? ተሸክሜ እኮ ነው ያመጣሁዎት።

ዘነቡ፦ ተሸከምኩ ትላለች ደግሞ። ክንዴን ያዝሽ እንጂ።

ማኅደር፦ እሺ፣ ክንድዎን ያዝኩ። አሁን እርስዎ ግንቡን ይያዙልኝና ጭንዎን ላፍታታልዎት።

ዘነቡ፦ ቶሎ በይ እንግዲህ። ዛሬ ካመለጠኝ ሃምሳ ቀን ሙሉ ስግደት የለም። የእኔን እስከ ስድስት ሰዓት ጨርሻለሁ፤ የቀረው የእሱ ነው።

ማኅደር፦ የያፌት?

ዘነቡ፦ ሌላ ልጅ አለኝ እንዴ? ዓምና ጀምሮ ሳይጨርሰው ሞተ፤ እናቱ ትጨርስለታለች።

ማኅደር፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ልየው። አንዱ እግርዎ ከሌላው አብጧል? ሲነካ ይሞቃል?

ዘነቡ፦ ደግሞ ሙቀቱ ምን ይሠራልሻል?

ማኅደር፦ ያበጠና የሚሞቅ እግር አይሳብም፣ አይታሽምም። ሐኪም ቤት ነው የሚሄደው። የእርስዎ ደህና ነው፤ የስግደት ድካም ነው። በሉ ቀኝ ጉልበትዎን ይጠፉት፤ ቁርጭምጭሚትዎን እኔ ልያዝ። ተረከዝዎ ቀስ ብሎ ወደ መቀመጫዎ ይምጣ። ወገብዎ ቀጥ ይበል፣ እንዳይወዛወዙብኝ። ሲወጠር ጥሩ ነው፤ ከወጋዎት ግን ይንገሩኝ፣ ወዲያው እተወዋለሁ። ሠላሳ እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት…

ዘነቡ፦ አይታሽም ነው ያልሽው?

ማኅደር፦ ስድስት፣ ሰባት… ይተንፍሱ እንጂ እትዬ።

ዘነቡ፦ እኔ አሽቼዋለሁ።

ማኅደር፦ ማንን?

ዘነቡ፦ ልጄን። ስግደቱ መሀል «እማዬ፣ እግሬን ያዘኝ» አለኝ። የያዘህ ሰይጣን ነው፣ ስገድበት አልኩት። ማታ ባቱን ብነካው አብጦ ይፋጃል። በኑግ ዘይት አሸሁለት፣ ባለ በሌለ ጉልበቴ። ተዪኝ እያለኝ አልተውኩትም። በፋሲካ ማግሥት ሞተብኝ። እግሩ ውስጥ የረጋ ደም ሳንባው ገብቶ ነው አሉኝ።

ማኅደር፦ …ሠላሳ። ያውርዱት።

ዘነቡ፦ ፈታ ብሎልኛል። ልሂድ።

ማኅደር፦ አንዴ ይደገማል። ያምጡት።

ዘነቡ፦ እየጠበቀኝ እኮ ነው። ከጧት ጀምሮ ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር ከኋላዬ ይሰማኛል። እኔ ስወድቅ ይወድቃል፤ እኔ ስነሣ እሱ ዘግየት ብሎ እያቃሰተ ይነሣል። ዞሬ ለማየት ፈራሁ።

ማኅደር፦ ከኋላዎ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ዘነቡ፦ አንቺ? ስግደት መቼ ታውቂና?

ማኅደር፦ ነጠላዬን ተከናንቤ ነው። እኔም የምሰግደው የእሱን ነበር።

ዘነቡ፦ አንቺ ምን አድርገሽው ነው የእሱን የምትሰግጂው?

ማኅደር፦ ዓምና በስቅለት ማግሥት፣ ቅዳሜ ጧት ደወለልኝ። እግሬ እንደተሳሰረ ነው አለኝ። ተረኛ ነበርኩ፣ ሥራ በዝቶብኝ። ስቅለት የሰገደ ሁሉ እንዲህ ይሆናል፣ ግንብ ይዘህ ሳበው አልኩት።

ዘነቡ፦ አብጧል አላለሽም?

ማኅደር፦ አልጠየቅኩትማ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ማበጡ ነበር። ሳቀና «እሺ ዶክተር» ብሎኝ ስልኩን ዘጋው። እስከ ዛሬ ስልክ በጠራ ቁጥር እሱ ይመስለኛል።

ዘነቡ፦ ዓመት ሙሉ ቤቴ የምትመላለሺው ይህን ይዘሽ ነው?

ማኅደር፦ ልነግርዎት ነበር የምመጣው። ፊትዎን ሳይ የምለው ይጠፋኛል፤ የታጠበ ልብስ አስጥቼልዎት እመለሳለሁ።

ዘነቡ፦ እኔ ደግሞ ይቺ ልጅ አዘነችልኝ እል ነበር። ብቻዬን የገደልኩት መስሎኝ ማንንም ቀና ብዬ ሳላይ ስኖር፣ አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ዝም?

ማኅደር፦ አዎ፣ እትዬ። እጄን ካልፈለጉት፣ እግርዎን ልልቀቀው?

ዘነቡ፦ አትልቀቂው። ቁጥሩ ጠፍቶብሻል፣ ከአንድ ጀምሪ፤ ግራውም ይቀራል።