ያልተመጣጠኑት ሁለት ባትሪዎች

መብራት በፈረቃ በነበረበት በ2002 ዓ.ም. ሸዋንግዛው አብነት ሰፈር በሚገኘው የእትዬ እንዳለች ፀጉር ቤት ደጃፍ ተቀምጧል። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ላደረሰው ጥፋት ይቅርታ ሊጠይቅ፣ በዚያውም የሴትዮዋን ፊት ሊያይ ነው የመጣው፤ እሑድ ልጃቸውን ሶሲን እንዲሰጡት ሽማግሌ ሊልክ አስቧል። እትዬ እንዳለች ሰላምታውን በፈገግታ ተቀብለው፣ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ባለሱቋ መይሙና ዞሩ።

«መይሙኔ፣ እንዴት አደርሽ? ብርዱስ? ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄዱ? እኔ ጠዋት ተክለ ሃይማኖት ደርሼ መጣሁ... የሚፈልጉት ዕቃ ሁሉ ጠፍቷል። ሰው ግን አልጠፋም፤ ባለሙያ ሞልቷል።

አንድ ልጅ አለ፣ ስሙን ምን ያደርግልሻል? እጁ የተባረከ ነው። የነካው ሁሉ ይበራል... ለጊዜው።

ቅዳሜ ፊራኦል፣ ሙሽራው፣ ሊቆረጥ መጣ። መብራት የለም። ልጁ ኢንቨርተር የሚሉትን፣ ከባትሪ መብራት የሚያወጣውን ዕቃ ይዞ ደረሰልን፤ ሁለት ባትሪ ይፈልጋል አለ። አንዱን ከጭነት መኪና፣ ሌላውን ከሞተር ሳይክል አምጥቶ አከታትሎ ቀጠላቸው። ‹አሥራ ሁለትና አሥራ ሁለት ቮልት ሃያ አራት ነው› አለኝ። ልክ አይደለም እንዴ? አንደኛ ክፍልን በደንብ ተምሯል።

ትንሿ ምን ታድርግ? በአንድ መስመር ከታሰሩ የሚያልፍባቸው እኩል ነው አሉ። ትልቁ ገና ሳይነካ እሷ ተሟጠጠች፤ እሱ ግን መግፋቱን አልተወም። ሆዷ ተነፋ፣ ጎኗ ተሰነጠቀ፣ ቶንዶሱም ቀጥ አለ። የሙሽራው ግማሽ ራስ እንቁላል፣ ግማሹ ጎፈሬ...»

መይሙና በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች። ሸዋንግዛው ጫማውን አየ፤ የገዛ ሳቁ ተናነቀው።

«ሸሸ ብዬ አላማውም። ‹ፊውዝ ላምጣ› ብሎ ነው እስከ ሜክሲኮ የሮጠው። ፊውዝ ለማምጣት ሦስት ቀን ይፈጃል፣ አይፈጅም? ሙሽራው ኮፍያ አድርጎ ሄደ። ፓስተሩ ‹ልጄ፣ አውልቀው› ሲሉት፣ ስታለቅስ የነበረችው ሙሽሪት ሳቋን ለቀቀችው፤ እስከ ዛሬ አላባራችም አሉ። እንዲህ ደስ ብሏት ያገባች ሴት አይተሻል? ይህን ማን ሰጣት? እሱ አይደለም?

አሁን ደግሞ ሽማግሌ ሊልክ ነው ሲሉ ሰማሁ... ወዴት እንደሆነ እኔ ምን አውቄ። ልጅቷ ኮሌጅ የምትማረው የኤሌክትሪክ ትምህርት ነው ይላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል ተረቱ? ገመድና ክር ቢያብሩስ? እሱ መቼ ይፈራል፤ ያልተመጣጠነ መቀጠል ያውቅበታል። ትንሹ ማን ይሆን፣ ሆዱ የሚነፋው... እሱን እግዜር ይወቅ።»

ሸዋንግዛው ጆሮው ድረስ ጋለ። የእሑዱን ሽማግሌዎች በልቡ አንድ በአንድ ወደየቤታቸው መለሰ። ነገሩ እንዲህ የሚያስቅ ባይሆን ኖሮ ያለቅስ ነበር።

እትዬ እንዳለች ግን ድምፃቸውን አለስልሰው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«ያለበት ድረስ ምርቃቴ ይድረሰው። ዕድሜና ጤና ይስጠው። እጁን አያሳጣን። ትዳሩንም ያሳምርለት፤ አምላክ ከሩቅም ቢሆን ፈልጎ... እኩያውን ይስጠው።»

ሸዋንግዛው፣ እናቱ እንዳስለመደችው፣ ሳያስበው ከመይሙና ቀድሞ አሜን አለ።