የሙና የፀሐይ መብራት

መርካቶ ውስጥ ፋኖስ ስሸጥ ነው የኖርኩት። ጎረቤቴ ሙና የፀሐይ መብራት አስመጥታ መደርደር ስትጀምር የገጠር ደንበኞቼ እኔን እያለፉ ወደ እሷ ይገቡ ጀመር። አንጀቴ አረረ። «እንዲህ አርክሳ የምትሸጠው ቀረጥ ሳትከፍል አስገብታ ቢሆን ነው» ብዬ አንድ ቀን ሱቄን ዘጋሁና ልጠቁምባት ጉምሩክ ሄድኩ።

የተቀበለኝ ሠራተኛ ሰምቶኝ ሲያበቃ ሳቀ። «ልክ ነዎት እትዬ፣ አልከፈለችም። ሰው የፀሐይ መብራት እንዲለምድ መንግሥት ቀረጡን አንስቶታል። ከፈለጉ እርስዎም ማስመጣት ይችላሉ» አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንገቴን ደፍቼ ስመለስ ሙና ደጃፌ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ምነው ጠፋሽ? አንድ አባት ፋኖስ ፈልገው መጥተው አጡሽ። አሁን ትመጣለች ብዬ ሻይ አዝዤላቸው እኔ ጋ ተቀምጠዋል።»

የራሷን መብራት ልትሸጥላቸው ትችል ነበር እኮ! ሱቄን ከፈትኩ፤ ፋኖሱንም ሸጥኩላቸው። የት እንደሄድኩ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ቅናቱ ለቀቀኝ ብላችሁ ዋሸሁ። እስከዚያ ቀን የምቀናው በገበያዋ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በልቧ ነው።