በጋለ ፍሬን ላይ የፈሰሰ ጠበል

ከጦሩ ዋና መምሪያ ፊት ተቀምጠው የነበሩት የካርቱም ወጣቶች በተኩስ በተበተኑ ሰሞን፣ ኢንተርኔት ተቆርጦ፣ ስልክ አንዴ እየሠራ አንዴ እየጠፋ፣ ሁላችንም በስጋት ጆሯችንን ቀስረን እንኖር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ዳቦ ፍለጋ ካላክላ ካለው ቤቴ ወጣሁ። ዳቦ አላገኘሁም፤ ያገኘሁት ጋሽ ምንዳዬን ነው።

ጋሽ ምንዳዬ ከጎንደር መጥተው እዚሁ ካርቱም ያረጁ፣ ሱዳኖች «አምጃድ» በሚሏት ትንሽ ሚኒባስ ሰው እያመላለሱ የሚኖሩ ጨዋ ሰው ናቸው። የሐበሻ ልጆችን አማርኛ ስለማስተምር «መምህር» ይሉኛል። ያን ዕለት ግን ሰላምታዬን እንኳ በወጉ አልመለሱም። መኪናዋ ፊት ተንበርክከው ከላስቲክ ጠርሙስ ጠበል የፊት ጎማዎቹ ላይ ያፈሳሉ። ውሃው ጎማው መሃል ያለው ብረት ጋ ሲደርስ ቸስ እያለ ይተናል።

«ምነው ጋሽ ምንዳዬ?»

«የሻሽወርቅ ሪያድ ቀርታብኛለች» አሉኝ። የሻሽወርቅ ባለቤታቸው ናት፤ እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ እያደረች ትሠራለች። «አሠሪዎቿ ወደ ግብፅ ሸሽተው ብቻዋን ጥለዋታል። ጎህ ሲቀድ ስልኳ ገባልኝና ‹የታጠቁ ሰዎች የሰፈሩን በር እያንኳኩ ነው፣ ድረስልኝ› ብላ ተቆረጠ። ጣዋሊ፣ ወዲያውኑ ተነሥቼ ወጣሁ። ይቺ መኪና ግን ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር መሪዋ ከእጄ ሊያመልጥ ይንቀጠቀጣል። ወጣቶቹ ‹ተርስ› የሚሉት የድንጋይ አጥር ድንገት ሲገጥመኝ ለጥቂት ነው ሰው ላይ ያልወጣሁት። ፈርቼ ተመለስኩ። ዓይን ነው መምህር! ሥራ ሲቀናኝ ያየ ሰው አለ። ከሥራ በገባሁ ቁጥር ጠበል አፈስባታለሁ፤ እሷ ግን ባሰባት።»

«አያፍሱ!» አለ ከኋላችን አንድ ድምፅ።

ኦሊያድ ነበር። ነቀምቴ በቴክኒክ ኮሌጅ አውቶ ተምሮ የተመረቀ፣ ወደ ሌላ አገር የሚሻገርበት መንገድ እስኪያገኝ እዚህ ሲሚንቶ የሚሸከም፣ ምላሱ ስለታም የሆነ ወጣት ነው።

«ያበላሿትስ እርስዎ ነዎት» አላቸው።

ጋሽ ምንዳዬ ቀና አሉ። «ጠበል ነው መኪና የሚያበላሸው? ምን ዓይነት ጊዜ መጣ!»

«ጠበሉን አልነቀፍኩም፣ ጋሼ። ግን ብረቱ ገና እንደጋለ ነው የሚያፈሱት?»

«ታዲያ ሲብስባት ነዋ የምትጠመቀው!»

«ሲት ሻይዋ፣ ሻይ ሻጯ፣ ትኩስ ሻይ የነበረበት ብርጭቆ ላይ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ብታፈስበት ምን ይሆናል?»

«ይሰነጠቃል። ብርጭቆና ብረት ምን አገናኛቸው?»

«ብረቱ ባይሰነጠቅ ይጣመማል። የተጣመመ ብረት ደግሞ ፍሬን ሲይዘው መሪውን ይንጠዋል።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉ ጋሽ ምንዳዬ ቁልፋቸውን እያወጡ። «ሚስቴ ሞት አፋፍ ላይ ሆና እየጠራችኝ አንተ ስለ ብርጭቆ ትሰብክልኛለህ። ያላ፣ ዞር በል!»

ከወደ መሃል ከተማ ተኩስ ተሰማ። ፈራሁ። ሽማግሌው በዚያች መኪና ቢሄዱ መንገድ ላይ ይቀራሉ፤ ባይሄዱ ሴትዮዋ ብቻዋን ናት። ሁለቱም እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ነው።

«ጋሽ ምንዳዬ» አልኳቸው፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ባለቤትዎ የምትጠብቀው የእርስዎን መድረስ ነው፤ የእርስዎን አደጋ አይደለም። ልጁ አንድ ጊዜ ይያት።»

እያጉረመረሙ እሺ አሉ፤ ሦስታችንም ገባን። ባዶው አስፋልት ላይ ኦሊያድ «ፍሬን ሳይነኩ ፍጥነት ይጨምሩ» አላቸው። ጨመሩ፤ መሪው ጸጥ አለ።

«ጎማው ባላንስ ቢያጣ ኖሮ አሁን ነበር የሚንቀጠቀጠው። አሁን ቀስ ይበሉና የእጅ ፍሬኑን በዝግታ ይሳቡ።» መኪናዋ ያለ አንዳች ንቅናቄ ዘገመች። «የእጅ ፍሬን የኋላውን ነው የሚይዘው፤ የኋላው ደኅና ነው። አሁን በእግርዎ ይርገጡ።»

ረገጡ፤ መሪው ተርገፈገፈ፤ የጋሽ ምንዳዬ ክንድ እስከ ትከሻቸው ተናወጠ።

«የፊቱ ነው» አለ ኦሊያድ።

«ዓይንም ቦታ ይመርጣል እኮ» አሉ ጋሽ ምንዳዬ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

እሳቸው ግቢ ተመለስን። ኦሊያድ መኪናዋን በክሪክ አነሣና ጎማውን ይዞ ወዘወዘ። የመሪው መገጣጠሚያ ቴስቲናውም፣ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታውም አልላላም። ጎማውን ፈትቶ ፍሬኑ የሚጨብጠውን ክብ ብረት፣ ዲስኩን፣ አሳየን። ሰማያዊ የቃጠሎ ምልክት ነበረበት። የካቻቢቴውን ጫፍ ለዲስኩ ሊነካው ትንሽ እስኪቀረው አስጠግቶ አጥብቆ ያዘ። «እኔን አይመኑ፤ በእጅዎ ያዙሩት» አላቸው።

አዞሩት። ብረቱ በአንድ በኩል ካቻቢቴውን ጭሮ አለፈ፤ በሌላው በኩል ራቀው። ደግመው አዞሩት፤ እዚያው ቦታ ላይ ጫረ።

«እና እኔ ባጠመቅኳት ቁጥር...?»

«የተጣመመ ብረት ፍሬን ሲይዝ ይበልጥ ይግላል። ሲግል እርስዎ ያፈሳሉ፤ ሲያፈሱ ይበልጥ ይጣመማል።»

ጋሽ ምንዳዬ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «እሷን ከክፉ ልጠብቅ ብዬ ነበር እኮ» አሉ፤ አንጀቴን በሉት። ደግነትም ያለ እውቀት እንዲህ ሰው ይጎዳል።

ጎረቤታችን ኢሳ ሞተሯ የተቃጠለ አምጃድ በሩ ላይ አቁሞ ነበር። ሮጠን ሄደን ዲስኮቿን እንዲሰጠን ለመንነው። «ሞተሯ ነው እንጂ የሞተው እግሯ ደኅና ነው፤ ያላ፣ ውሰዱ!» አለን። ኦሊያድ የእሷን ዲስኮች በካቻቢቴው ፈትኖ ከነፍሬን ሸራቸው ቀየረ። ጋሽ ምንዳዬ እስከዚያው ስልክ ይደውላሉ፤ ስልኩ አይገባም። እንደገና ይደውላሉ። ያ ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም።

ሪያድ ስንደርስ የቪላው በር ተዘግቷል። ጋሽ ምንዳዬ «የሻሽ! የሻሽ!» እያሉ ደበደቡት። መልስ የለም። ቆይቶ መቀርቀሪያው ተንቋቋና የሻሽወርቅ ፊቷ ገርጥቶ ወጣች።

«ከጎህ ጀምሮ በሩ ሥር ተቀምጫለሁ! ምነው ቆየህ?»

«በጠዋቱ መጥቼ ነበር፤ መቆም አቅቶኝ ተመለስኩ» አሏት። «ይኸው ይህ ልጅ አስተማረኝ። መኪና ስትንቀጠቀጥ ‹ማን አየብኝ› ከማለት በፊት ‹መቼ ነው የምትንቀጠቀጠው› ማለት ይገባ ኖሯል። የጋለ ፍሬን በራሱ ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ ብረቱም ይኖራል፣ ተሳፋሪም ይኖራል። ይህን ለሾፌሮቹ ሁሉ ነው የምነግረው።»

ስንመለስ ከአንድ መታጠፊያ በኋላ የድንጋይ አጥር ፊታችን ድቅን አለ። ወጣቶች እጃቸውን እያወዛወዙ መሃል መንገድ ገቡ። የሻሽወርቅ የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ጨበጠችና ዓይኗን ጨፈነች። ጋሽ ምንዳዬ ፍሬን ረገጡ።

ከዚያ ዓይኗን ገልጣ በእጃቸው ጸጥ ያለውን መሪ አየች፤ ከመኪናዋ ፊት በደኅና የቆሙትን ልጆች አየች።

«መኪናዋ ምን ሆነች?» አለች።

«ቆመች» አሉ ጋሽ ምንዳዬ፤ እንባቸውም መጣ።